አልከፈት ያለው ቀይ ዲስክ

ብርሀንነሽ ጌሾ ቸርቻሪ ናት። በመካነ ሰላም ገበያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ቦታ ሳትነቃነቅ ሸጣለች። ቅጠሉን አንድ ጊዜ በመዳፏ ጨብጣ ስትለቀው መቼ እንደተቀጠፈ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ ፀሐይ ላይ፣ ጠላው ውስጥ ሲገባ ያኮምጥጥ አያኮምጥጥ ትነግርሃለች። ምላሷም እንደ ጌሾዋ መራራ ነው። ከወግዲ ድረስ አህያ ጭነው የሚመጡ ኩሩ ነጋዴዎች ሳይቀሩ እሷ ፊት ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እንዲህ ያለችዋን ሴት ፈሪ ናት ብል ማን ያምነኛል? ግን በ2000 ዓ.ም. ከጥር እስከ ግንቦት በዚያ ከተማ ከእሷ የባሰ ፈሪ አልነበረም። የምትፈራውም ጅብ አይደለም፣ ሌባም አይደለም። ንጋትን ነበር የምትፈራው።

ለምን እንደሆነ የአገሩ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። ለማያውቀው ግን ልንገር። በእኛ ዘንድ ሞት ከሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሰማው ሰው ሮጦ አይናገርም፤ ይደብቃል። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ከያለበት በዘዴ ይጠራል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ከሟቹ ቤተሰብ ደጃፍ ይቆማሉ። መርዶ ማለት ይህ ነው። ያ ንጋት እስኪደርስ ድረስ አገሩ በሙሉ ይዋሻል፤ ጎረቤቱም፣ ቄሱም፣ ሱቅ ጠባቂውም። ማንም በዚህ ውሸት አይወቀስም፣ እንዲያውም የዋሸው ሰው አዛኝ ይባላል። ደግነቱ ደግነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ልጁን አረብ አገር ልኮ ለተቀመጠ ሰው ይህ ደግነት መርዝ ነው፤ ማንን ማመን እንዳለበት አያውቅማ።

የብርሀንነሽ ልጅ ሰብሌ ኩዌት ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ደላላው በፓስፖርቷ ላይ ዘሀራ ብሎ ጻፈባትና ሄደች። እነሱ የሚደውሉበት ቁጥር የላቸውም፤ በየወሩ እሷ ሱቅ ባለው ስልክ ትደውላለች፤ ብርሀንነሽም ጌሾዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ እየሮጠች ትሄዳለች። በ1999 ክረምት ግን ብርሀንነሽ ሆዷን ታመመችና ጠበል ገባች፤ ሰባት ሳምንት ቆየች። በዚያ መሀል ልጅቷ ሦስት ጊዜ ደውላ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ አባቷ ይሄነው ነው ያነጋገራት። ብርሀንነሽ ድና ስትመለስ መስከረም ገባ፣ ስልኩ ግን አልጮኸም። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳርም አለፈ። ሱቁ ደጃፍ ስትቆም ባለሱቁ ገና ሳትጠይቀው «ዛሬም አልደወለችም» ይላታል።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ራሄል የምትባል የደጎሎ ልጅ ከኩዌት ለእረፍት መጥታ ከይሄነው ቤት ደረሰች። በእጇ ቀይ የፕላስቲክ ማኅደር ይዛለች፣ በውስጡ አንድ ዲስክ አለ። «ለሰብሌ እናት አድርሺልኝ ብላ አንዲት ልጅ አውሮፕላን ጣቢያ ሰልፍ ላይ ሰጠችኝ» አለች። ብርሀንነሽ ሰብሌን ራሷን አይተሻታል ወይ አለቻት። አላየኋትም አለች። የሰጠችሽ ልጅ ምን አለችሽ? ምንም አላለችኝም አለች። መኪና ሊያመልጣት ስለሆነ ከወንበር ሳትቀመጥ ወጣች። ብርሀንነሽ በበሩ ቆማ ስታያት ልጅቷ አንድ ጊዜም ወደኋላ አልዞረችም። ፍርሃቱ የጀመራት ያን ጊዜ ነው።

ዲስኩን ይዘው ወደ ሙሐሲን ሄዱ። ሙሐሲን የከተማው ባለ ቪዲዮ ቤት ነው፤ ሠርግም ይቀርጻል። ከካሴቱ ዘመን ጀምሮ በዚህ ሥራ የኖረ፣ ሲዲ መጥቶ ካሴቱን ሲገድል ያየ፣ ዲቪዲ መጥቶ ሲዲውን ሲገድል ያየ ሰው ነው። ሦስት መቶ የሚሆን ካሴት ዛሬም ጓሮው ውስጥ ተከምሮ ዶሮ ይተኛበታል። ማኅደሩን ተቀብሎ ከፈተው። በዲስኩ ላይ በአረብኛ ጽሑፍ አለ። መድረሳ ገብቶ ነበርና አነበበው። «የዘሀራ መልእክት ለእናቷ፣ ይላል» አላቸው። ብርሀንነሽ ዘሀራ የሚለውን ስም ሲጠራ ስትሰማ አንድ ነገር ታያት። ልጄ እዚያ ብትሞት የሚቀብሯት ዘሀራ ብለው ነው አለች በልቧ።

ሙሐሲን ዲስኩን ከማጫወቻው ውስጥ ከተተ። ማሽኑ ጥቂት ጊዜ አጉረመረመ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ አላውቀውም ብሎ ተፋው። በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ከተተው፤ ተፋው። ሌላ ማጫወቻ ነበረው፣ በእሱም ሞከረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ላቡን እየጠረገ ዞረ። «እትዬ ብርሀንነሽ፣ አልከፈት አለኝ።»

«ምን ሆኖ?»

«እንጃ። ዲስኩ ደህና ነው፣ ጭረት እንኳ የለበትም። ማሽኑ አላነበበውም።»

ብርሀንነሽ ፊቱን አየችው። ሙሐሲን ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ጣለ ስል፣ ያሳፈረው ማሽኑ ነው፤ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው አንድ ዲስክ መክፈት ሲያቅተው ያፍራል። እሷ ግን ሌላ አየች። የሰዎቻችን ዓይን መሬት የሚያየው መቼ እንደሆነ ታውቃለች። አንዴ እሷም የጎረቤቷን የአልታየችን ወንድም ሞት ሰምታ፣ ሦስት ሳምንት ከአልታየች ጋር አብራ ገበያ ስትወርድ እንዲያ መሬት መሬቱን ስታይ ነበር።

አላውቀውም የሚል ማሽን ከዚያ በፊት ስላላጋጠመው ነገሩ ሙሐሲንን እልህ ውስጥ ከተተው። ደሴ ለሥራ ሲወጣ ዲስኩን ይዞ ሄደ። አንድ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ማኅደሩን አገላብጦ አየና «ይህ አዲሱ ዓይነት ነው» አለው። «ጽሑፉ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ የድሮው ማጫወቻ ዓይን አይደርስበትም። አዲሱ ማሽን ብሉ ሬይ ይባላል፣ አንድ ሰው ከዱባይ አምጥቶ ቤቱ አለ።» ሙሐሲን ለምኖ፣ ዋስ ጠርቶ፣ ያንን ማሽን ተውሶ መካነ ሰላም ድረስ አመጣው። በአውቶብሱ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የመጣው፤ ኮረኮንቹ ላይ መኪናው በነጠረ ቁጥር አብሮ እየነጠረ።

ከተማው ሁሉ ሰማ። ሙሐሲን ለብርሀንነሽ ልጅ ዲስክ ከደሴ ማሽን አመጣ ተባለ። ቪዲዮ ቤቱ ሞላ። ብርሀንነሽና ይሄነው ከፊት ተቀመጡ። ማሽኑ የሚያምር ነው፤ ፊቱ ላይ ሰማያዊ መብራት በራ። ዲስኩን ዋጠው። አንድ ደቂቃ ሆነ። ብርሀንነሽ እጇን እጇ ላይ ጭና ጣቶቿ እስኪነጡ ተጫነቻቸው። ማሽኑም ዲስኩን ተፋው።

ሙሐሲን ሦስት ጊዜ ሞከረ። ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። ሲወጡ ኮቴያቸው እንዳይሰማ ቀስ እያሉ ነው የሚረግጡት። ብርሀንነሽ ይህን አረጋገጥ ታውቀዋለች፤ ለቅሶ ቤት የሚረገጥ አረጋገጥ ነው።

እውነቱ ይሄ ነበር፤ ማንም ሊያምነው ያልቻለ እውነት። አዲሱ ዲስክ አንድ አልነበረም፣ ሁለት ነበር። በባሕር ማዶ ታላላቅ ፋብሪካዎች በሁለት ጎራ ተከፍለው ይጣሉ ነበር። አንዱ ጎራ ብሉ ሬይ የሚባለውን ይሠራል፣ በሰማያዊ ማኅደር ይሸጠዋል። ሌላው ኤችዲ ዲቪዲ የሚባለውን ይሠራል፣ በቀይ ማኅደር ይሸጠዋል። ዲስኮቹ መንታ ይመስላሉ፣ ግን የአንዱን ዲስክ የሌላው ማሽን አይከፍተውም። ማን ያሸንፍ ይሆን እያለ ዓለም ሲያይ፣ ሁለቱ ሲሻኮቱ፣ መሀል ላይ አንዲት የመካነ ሰላም ጌሾ ቸርቻሪ ወድቃ ነበር። ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ ይጎዳል የሚባለው ነው፤ ዝሆኖቹ ግን ሣር መኖሩንም አያውቁም።

ሙሐሲን ይህን የሰማው ማሽኑን ለመመለስ ደሴ ሲወጣ ነው። ተመልሶ መጥቶ ዲስኩን ለብርሀንነሽ መለሰላትና አስረዳት። «እትዬ፣ ሁለት ዓይነት ኖሯል። የእኛ ቀዩ ነው። እኔ ያመጣሁት የሰማያዊውን ማሽን ነው። ተቀናቃኞች ናቸው፣ አንዱ የሌላውን ሆን ብሎ ነው የማይከፍተው።»

«አንድ መልክ እያላቸው?»

«አዎ።»

«ፋብሪካ ተጣልቶ ነው የልጄን ድምፅ የማልሰማው?»

«ወላሂ፣ እትዬ፣ ይመኑኝ።»

ሙሐሲን ወላሂ ሲል የሚዋሽ ሰው አይደለም። ግን ፈርዶባት ብርሀንነሽ ይህን የመሰለ ውሸት በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። የሚደብቃት ሰው የሚፈጥረው ወግ ልክ እንዲህ ነው፤ ረጅም፣ የሚያዞር፣ ደሴ ሄዶ የሚመለስ። ደግሞስ ውሸት ባይሆን ኖሮ ለምን ላብ ያጠምቀዋል? አንገቷን ነቀነቀች፣ ገብቶኛል አለችው፣ ወጣች። መንገድ ላይ ከአንድ አጥር ጥግ ቁጭ አለች። ዲስኩን ከፍቶት አይቶታል፣ ልጄ የለችም ማለት ነው ብላ ደመደመች።

ክፉው ነገር እሷ ብቻ አልነበረችም እንዲህ ያሰበችው። ከተማውም እንዲሁ አሰበ። ጎረቤታቸው አያ ፈንታሁን፣ መርዶ ሲኖር ሁልጊዜ ከፊት የሚቆም ሰው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሐሲንን ለብቻው ይዞ «ልጄ፣ ያየኸውን ንገረን። ሸክሙን ብቻህን አትያዝ፣ ቀኑን እኛ እንቆርጣለን» አለው። ሙሐሲን ምንም አላየሁም ብሎ ማለ። አያ ፈንታሁንም ትከሻውን መታ አድርጎ «አላህ ይስጥህ፣ ጥሩ ልጅ ነህ» አለው። የሙሐሲን መሐላ ለሽማግሌው ማረጋገጫ ሆነለት።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ደግ ሆነ። እንደዚያ ያለ የሚያስፈራ ደግነት ታይቶ አይታወቅም። ገበያ ላይ ጌሾዋን የሚያንቋሽሽ ጠፋ፤ የጠራችውን ይሰጧታል። በጨዋታ ትሰድባት የነበረች በርበሬ ሻጭ አንድ ቀን ስድቧን ጀምራ መሀል ላይ አቆመችው። አልታየች በየሳምንቱ ባቄላ ቆልታ ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ስለ ሰብሌ ግን አንድ ቃል አታነሳም። ድሮ ግን ከሰብሌ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ብርሀንነሽ ባቄላውን ተቀብላ ታስቀምጠዋለች እንጂ አንድ ፍሬ አልቀመሰችም። የለቅሶ ቤት እህል መሰላት።

ንጋቱ ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ትነቃለች። ዓይኗን ገልጣ ጨለማ ውስጥ ታዳምጣለች። አህያ ሲያልፍ ከአልጋዋ ቀና ትላለች። ወደ ኪዳን የሚሄዱ ሴቶች ኮቴ ሲቀርብ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ሲርቅ ትለቃለች። ሁለት ሰው ከሆነ መንገደኛ ነው፣ ሦስት ከሆነ መርዶ ነው ብላ ኮቴ መለየት ተምራ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ዛሬ አልመጡም ትላለች። ከዚያ ጌሾዋን ተሸክማ ገበያ ትወርዳለች፤ የቀን ሰው የሚያውቃት ያቺው ተናጋሪዋ ብርሀንነሽ ናት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለእሷ ግን ንጋቱ እንጂ እውነቱ አልጠራ አለ።

አንድ ጊዜ ለይሄነው ነገረችው። «ካወቅህ ንገረኝ። ከባዳ አፍ ከምሰማው ካንተ ይሻለኛል።»

ይሄነው የዋህ ገበሬ ነው፣ ነገር አያውቅም። «ምኑን?» አላት። እሷም ይሄኛውም ይደብቀኛል ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

መጋቢት ላይ ወንድሟ አሳምነው ከማሻ ሳይታሰብ መጣ። በር ላይ ሲቆም ስታየው የያዘችው እንስራ ከእጇ ወደቀ። ዘመድ ከሩቅ ሳይጠራ ሲመጣ ምን ማለት ነው? አሳምነው በሬ ሊገዛ መጥቶ ነበር፤ ሌላ ምንም ጉዳይ የለውም። ሁለት ቀን አድሮ በሬውን እየነዳ እስኪሄድ ድረስ ግን ብርሀንነሽ አልተኛችም። ሁለቱንም ንጋት ልብሷን ለብሳ፣ መቀነቷን ታጥቃ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው የጠበቀችው።

ሙሐሲን በበኩሉ አልተቀመጠም። የየካቲት ወሬ ደርሶት ነበር፤ የቀዩ ጎራ ተሸነፈ፣ ባለቤቶቹም ከእንግዲህ አንሠራም ብለው አወጁ፣ በየአረብ አገሩ ሱቅ ቀዩ ማሽን እንደ አሮጌ ዕቃ እየተጣለ ነው አሉት። ሌላው ሰው ቢሆን ይሄኔ ተስፋ ይቆርጣል። እሱ ግን ብልህ ነው፤ የሚጣል ዕቃ ከሆነ ወደ እኛ አገር መምጣቱ አይቀርም ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላ ከአረብ አገር ለመጣ ሰው ሁሉ፣ ለሾፌር፣ ለረዳት፣ ለነጋዴ፣ እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ማጫወቻ ካያችሁ ንገሩኝ እያለ ምልክቱን በወረቀት ሥሎ ይሰጥ ጀመር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ሾፌር ወረቀቱን ይዞ መጣ። «አቀስታ፣ ሐጂ አሕመድኑር ቤት አየሁት» አለው። ሙሐሲን ደሴ ሲመላለስ አምስት ጊዜ በዚያ ቤት ደጃፍ አልፏል። ሐጂ አሕመድኑር ልጃቸው ሁዜይፋ ከጅዳ በርካሽ ገዝቶ የላከላቸውን ማሽን ቡፌ ላይ አስቀምጠው፣ በዳንቴል ሸፍነው፣ ተራ መንዙማ ነበር የሚያዩበት። ማሽኑ የድሮውንም ዲስክ ስለሚያጫውት ልዩ ነገር መሆኑን አያውቁም። ሙሐሲን ነገሩን ሲያስረዳቸው ሽማግሌው ዳንቴሉን አነሡ። «የልጅ ድምፅ ተዘግቶ እኔ ቤት ቁልፉ ተቀምጧል በለኛ» አሉ። «ግን የልጄ ስጦታ ነውና ለብቻው አልሰጥህም። ይዤው አብሬህ እሄዳለሁ።»

ሁለቱም በማግስቱ ከሰዓት በጭነት መኪና መጥተው ሙሐሲን ቤት አደሩ። ያን ሰሞን መብራት በፈረቃ ነበር፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይጠፋል፣ ሐጂም በመጀመሪያው መኪና መመለስ አለባቸው። ስለዚህ ሙሐሲን ሱብሒ ከተሰገደ በኋላ ዲስኩን ከብርሀንነሽ ዘንድ እንውሰድ፣ እሷንም እንጥራ አለ። መንገድ ላይ አያ ፈንታሁንን አገኙ፤ ሽማግሌው ወዴት ናችሁ ሳይል ጋቢውን አስተካክሎ ተከተላቸው። ሦስት ወንዶች፣ ሦስቱም ጋቢ ለብሰው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ልጇ አረብ አገር ወዳለች ሴት ቤት። ሙሐሲን አዋቂ ሰው ነው፣ ሐጂም አዋቂ ናቸው። በደስታ ተይዘው ማሰብ የነበረባቸውን አንዷን ነገር አላሰቡም።

ብርሀንነሽ ኮቴውን ከሩቅ ሰማች፣ ሦስት መሆኑን ለየች። ኮቴው ቀረበ፣ አላለፈም፣ ቆመ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በሩን ራሷ ከፈተች። ፊት ለፊቷ አያ ፈንታሁን፣ ሙሐሲንና የማታውቃቸው ጢማም ሽማግሌ ቆመዋል። አልጮኸችም። «በሉ ንገሩኝ» አለች። «አምስት ወር ነው የጠበቅኋችሁ።»

ሙሐሲን ያን ጊዜ ያደረገው ነገር ገባውና ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ፣ አይደለም፣ ማሽኑ ተገኘ ልንል ነው። ዲስኩን ይዘው ይምጡ። አብሽሪ በሉ፣ ሐጂ፣ ይንገሯት።»

ሐጂም «አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ» አሏት።

እንዴት ትመን? መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ አብሽሪ ይላል። ዲስኩን ከሳጥኑ አወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰችው፣ ወጣችም። ይሄነው በባዶ እግሩ ተከተላት። አልታየች በአጥር ላይ ነጠላው መዘቅዘቁን አየችና ኡኡ አለች። ቤቶች መከፈት ጀመሩ። አምስት ወር ሙሉ አፉን ይዞ የቆየው ሰፈር አሁን ተፈቀደልኝ ብሎ ያለቅስ ጀመር፤ እያለቀሰም ወደ ቪዲዮ ቤቱ ተከተላት። ሙሐሲን አታልቅሱ፣ ምንም የለም እያለ ወዲያ ወዲህ ቢልም የሚሰማው አላገኘም።

ማሽኑ ዲስኩን ዋጠው። አልተፋውም። ቴሌቪዥኑ ላይ መጀመሪያ ነጭ ግድግዳ ታየ፣ ከዚያ ሰብሌ መጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በውጭ የነበረው ለቅሶ ከበሩ ጀምሮ ወደኋላ እየተጎተተ ቆመ። ብርሀንነሽ ስክሪኑ ድረስ ሄዳ መሬት ላይ ተንበረከከች። ልጅቷ ከስታለች፣ ግን ደህና ናት፤ ትተነፍሳለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትገልጣለች። ብርሀንነሽ ማርያምን አመሰገነች። ፍርሃቷ ያበቃ መሰላት።

«እማዬ» አለች ሰብሌ። «ኅዳር ሚካኤል ነው ዛሬ። የቤቱ ልጅ አዲስ ማሽን ገዝቷል፣ ሰውን ፊት ለፊት የተቀመጠ ያህል ያሳያል ብሎ እሱ ነው የሚቀርጸኝ። እማዬ፣ አለሽ ወይ?»

«አለሁ» አለች ብርሀንነሽ።

«ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ አባዬ ጠበል ናት አለኝ። እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ ጠበል ናት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የሰፈራችን ልጅ የኔአለም እናቷ ስትሞት እኛስ ጠበል ናት አይደል ያልናት? አራተኛ ጊዜ መደወል ፈራሁ። ዛሬም ጠበል ናት ቢለኝ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው የጠፋሁት። ደግሞ ድምፅ ቢያሰሙኝም አላምንም፤ የአክስቴ ድምፅ ካንቺ አይለይም። መልክሽን ማየት አለብኝ።»

በእጇ ዓይኗን ጠረገች።

«ካለሽ፣ ሙሐሲን ይቅረጽሽና ለሚመጣ ሰው ስጡልኝ። እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ። ሰዎቹ ሞሮኮ ወደሚባል አገር ሊዛወሩ ነው፣ አብረሽን ነይ ብለውኛል። ካለሽ አልሄድም። ውሌን ጨርሼ እመጣለሁ፣ ካንቺ ጋር ጌሾ እሸጣለሁ። እስከ ፋሲካ መልክሽን ካላየሁ ግን ደብቀውኛል እላለሁ። እዚሁ አለቅስልሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ እመለሳለሁ? አባዬ ይቅር በለኝ፣ የደበቅኸኝ አዝነህልኝ እንደሆነ አውቃለሁ።»

ምስሉ ቆመ። ይሄነው በሩ አጠገብ እንደቆመ «እውነቴን ነበር» አለ፣ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «ጠበል ነበረች። እውነቴን ነበር።»

ሙሐሲን ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። እሱም እውነቱን ነበር።

ብርሀንነሽ ከተንበረከከችበት ሳትነሳ «ፋሲካ መቼ ነበር?» አለች። አያ ፈንታሁን «ነገ ዕርገት ነው» አለ። ዕርገት ከፋሲካ በአርባኛው ቀን ነው። ሰብሌ በፋሲካ አልቅሳ ከሆነ፣ ነገ የብርሀንነሽ አርባ መሆኑ ነው። ይህን የተረዱ ሴቶች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ቅረጸኝ» አለች ብርሀንነሽ።

መብራት ሊጠፋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ሙሐሲን የሠርግ ካሜራውን አወጣ። «በተራው ዲቪዲ ነው የማደርገው፣ የትኛውም ማሽን በሚከፍተው» አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ነጠላውን ይመልሱት» አለ። ብርሀንነሽ እንደተዘቀዘቀ ረስታው ነበር። ጥለቱን ወደ ታች አደረገች፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ካሜራው ፊት ተቀመጠች። ያቺ አንደበተ ርቱዕ ሴት፣ አህያ ነጂ የሚፈራት፣ አፏ ደረቀ። ደግሞ ፈራች፤ ፊቴ የሞተ ሰው ፊት መስሏት ባታምነኝስ አለች። ሁለት ጊዜ ጀምራ አቆመች። በሦስተኛው «ሰብሌ» አለች፣ «አለሁ። ጠበል ነበርኩ። እውነት ጠበል ነበርኩ። ያለቀስሽው ካለ ይቅር፣ የትም እንዳትሄጂ፣ ነይ።» ከዚህ በላይ አልቻለችም። ሰዓቱ ደርሶ መብራቱ ሲጠፋ ሙሐሲን ቀርጾ ጨርሶ ነበር።

ራሄል እረፍቷ አልቆ የመመለሻ ወረቀቷ ዘግይቶባት ነበርና በሰኔ አጋማሽ ስትመለስ ዲስኩን ይዛ ሄደች። የቤቱን አካባቢ ለማግኘት ጊዜ ፈጀባት። ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ በሚወርድበት ቀን፣ ከኩዌት ስልክ መጣ ተብሎ ብርሀንነሽ ተጠራች። ጌሾዋን ሳትሸፍን ሮጠች። የሰብሌ ድምፅ አልነበረም፤ ራሄል ናት።

«ቤቱን አገኘሁት፣ ግን ተዘግቷል» አለች ራሄል። «አጠገቡ የምትሠራ የአማራ ሳይንት ልጅ አለች፣ እሷን ጠየቅኋት። ሰዎቹ ከሄዱ ወር ከምናምን ሆኗቸዋል።»

«ልጄስ?»

«አብራቸው ሄዳለች። አድራሻ የሚያውቅ የለም።»

ብርሀንነሽ የሱቁን መደርደሪያ ያዘች። «ስትሄድ ደህና ነበረች ወይ?»

በስልኩ ውስጥ የሩቅ መኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«ንገሪኝ፣ ልጄ» አለች ብርሀንነሽ። «ከእንግዲህ ምን ይደበቃል?»

«ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ጥቁር ለብሳ ነበር አለችኝ። ፀጉሯንም ተላጭታለች።»

ብርሀንነሽ ስልኩን አስቀመጠችው። ባለሱቁ ፊቷን አይቶ ማን ሞተ አላት።

«ልጄ ለእኔ ተላጨች» አለችው። «እኔ ይኸው ቆሜ።»